ውሻው የማን ነው?

ሰው ስላደረገው ክፉ ነገር ይከሰሳል፤ ይወቀሳል፤ ኅሊና ካለውም ይጸጸታል። ሳያደርገው ስለ ቀረው ነገር ግን የሚጠይቀው የለም። ቢጠየቅም «እኔ ምን አደረግሁ?» ብሎ ደረቱን ነፍቶ ይመልሳል። መልሱም እውነት ነው፤ በእርግጥ ምንም አላደረገም። እኔም እስከ 30 ዓመቴ ድረስ ራሴን ከእንደነዚህ ያሉ ንጹሓን ሰዎች እንዳንዱ እቈጥር ነበር። ሰው አልመታሁም፤ የሰው ገንዘብ አልነካሁም፤ በሐሰት አልመሰከርሁም እል ነበር። ከሦስቱ አንዱን ያሳጣኝ አንድ ውሻ ነው። አንባቢ ሆይ፤ ስለ ግብረ ገብ ሊጽፍ ተነሥቶ ስለ ውሻ የሚያወራውን ሰው አትናቀው። ነገሩ የሚያስቅ ቢሆን ኖሮ አስቀድሜ እኔው በሣቅሁበት ነበር።

ቤቴ በጉለሌ፣ ከእንጦጦ ግርጌ፣ ሸማኔዎች ከሚኖሩበት ሰፈር ነው። ነገሩ በሆነበት ጊዜ፣ ማለትም በ1979 ዓ.ም.፣ ማታ ማታ ጅብ ከጫካው ወርዶ እስከ ደጃችን ድረስ ይመጣ ነበር፤ ሌባም አይጠፋም። ስለዚህ አንድ ቡናማ ውሻ፣ ከየት እንደ መጣ ሳይታወቅ፣ በበሬ ላይ መተኛት በጀመረ ጊዜ አላባረርሁትም። ከማዕድ የተረፈ እንጀራ በአሮጌ ጣሳ ይደረግለታል፤ ከገበታ የወጣ አጥንትም ይጣልለታል። እሱም ሌሊቱን ሲጮኽ ያድራል። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» እንደሚባለው፣ የሱን ድርሻ አንድም ቀን አላጐደለም።

ስም ግን አላወጣሁለትም። በአገራችን ለውሻ ስም ማውጣት ቀላል ነገር አይደለም፤ ባለቤቱ ለጎረቤቱ ሊናገር ፈልጎ ያልደፈረውን ነገር በውሻው ስም ይናገርበታል። ውሻውን «ማን ደፍሮ» ብሎ የሚጠራ ሰው ሌባውንም ምቀኛውንም ባንድ ቃል ያስጠነቅቃል። እኔ ለዚያ ውሻ ስም ሳላወጣ መቅረቴን በዚያን ጊዜ እንደ ስንፍና ቈጥሬው ነበር። ዛሬ ሳስበው ግን ስንፍና ሳይሆን ብልጠት ነበር፤ ስም ያወጣ ሰው «የኔ አይደለም» ለማለት ይቸግረዋልና። ስም ያወጣችለት የጎረቤቴ የሸማኔው የ7 ዓመት ልጅ ናት። «ቡቺ» ትለው ነበር።

በዚያ ዓመት በሐምሌ ወር ቡቺ ሁለት ቀን ያህል የተሰጠውን ሳይበላ ዋለ። ከአጥሩ ሥር ጥግ ይዞ ይተኛል፤ ሰው ሲቀርበው ያጕረመርማል። ብርድ መትቶት ይሆናል ብዬ አለፍሁት። ጆሮዎቹም ከክረምቱ በፊት ጀምሮ በመዥገር ተሞልተው ነበር፤ እሱንም አይቼ አልፌዋለሁ። በሦስተኛው ቀን ልጅቱ እንደ ልማዷ መዥገሩን ልትነቅልለት ብትጐነበስ ክንዷን ነከሳት። አንባቢዬ ልብ እንዲልልኝ የምፈልገው ይህን ነው፤ ልጅቱ የተነከሰችው እኔ ልሠራው የሚገባኝን ሥራ በኔ ፈንታ ስትሠራ ነው።

እናቷ ልጅቱን ታቅፋ ከበሬ መጣች። ከክንዷ ላይ ደም ይፈሳል፤ በቍስሉም ላይ የተፈጨ ቡና ነስንሰውበታል።

«ወንድሜ፣ ይኼ ውሻ ያንተ አይደለም ወይ?» አለችኝ።

ሰው በአንድ ቅጽበት ስንት ነገር ሊያስብ እንደሚችል የሚያስገርም ነው። የሕክምናው ገንዘብ፣ የቀበሌው ክስ፣ ከሥራ መቅረት፣ የሽማግሌ ዳኝነት፣ ይህ ሁሉ በራሴ ውስጥ አለፈ። «እትዬ፣ የኔ እንኳ አይደለም፤ የሰፈር ውሻ ነው። እንዲያው እዚህ ይተኛል እንጂ» አልኋት። እሷም ውሻው ወደሚበላበት ወደ አሮጌው ጣሳ ተመለከተች። ጣሳው በበሬ ላይ እንደ ተቀመጠ ነው። አንዲት ቃል ሳትናገር ልጇን ይዛ ተመለሰች።

ውሻው ባለቤት እንደሌለው የተሰማ እንደ ሆነ የሰፈሩ ጐረምሶች ድንጋይና ዱላ ይዘው ወጡ። ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀባቸውም። ሬሳውንም በገመድ ጐትተው በክረምቱ ዝናብ ሞልቶ ይወርድ ከነበረው ወንዝ ጣሉት። እኔ ድንጋይ አላነሣሁም፤ በመስኮት ሆኜ አየሁ እንጂ።

በማግሥቱ ጧት እናትና ልጅ ወደ ፓስተር ሄዱ። ወደ አካባቢያችን በታክሲ የተጓዘ ሁሉ ረዳቱ «ፓስተር! ፓስተር!» እያለ ሲጣራ ሰምቷል። አንዳንድ ወጣት የአንድ ሰባኪ ስም ይመስለዋል። ሰውዬው ግን ሉዊ ፓስተር የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ ነው። በ1877 ዓ.ም.፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1885፣ ዮሴፍ ሜስተር የተባለ የ9 ዓመት ልጅ ያበደ ውሻ ነክሶት ወደ ፓሪስ ቢያመጡለት፣ በሰው ላይ ገና በቅጡ ያልተሞከረውን ክትባት ሰጥቶ ልጁን ያተረፈው እሱ ነው። ልጁም አድጎ በፓሪስ የፓስተር ኢንስቲትዩት በር ጠባቂ ሆነ። በእኛ ከተማ በ1940ዎቹ ዓመታት በዚያ ኢንስቲትዩት እርዳታ የተቋቋመው ቤት በጉለሌ ተሠራ፤ ስሙ በየጊዜው ቢለወጥም፣ ዛሬም የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ቢባል፣ ሕዝቡ ሰፈሩን ፓስተር ማለቱን አልተወም። እንግዲህ እኛ የጉለሌ ሰዎች ስለ እብድ ውሻ በሽታ አልሰማንም ብለን ልናመካኝ አንችልም፤ ለበሽታው መከላከያ ያገኘለትን ሰው ስም በቀን አሥር ጊዜ እንጠራዋለንና።

እዚያ የጠየቋትን ነገር በኋላ ከራሷ ከእናትዬዋ ሰምቻለሁ። መጀመሪያ የጠየቋት «ውሻው የማን ነው?» ብለው ነው። ቀጥለውም «ተከትቧል ወይ? አሁን በሕይወት አለ ወይ?» አሏት። ይህ ጥያቄ ለወሬ ወይም ለክስ የሚጠየቅ አይደለም። የነከሰው ውሻ ባለቤት ኖሮት ታስሮ ቢጠበቅና ለ10 ቀን ያህል በጤና ቢቈይ፣ በነከሰበት ሰዓት በሽታው በለሃጩ ውስጥ እንዳልነበረ ይታወቃል። ቢሞትም ራሱን ቈርጠው ወደ ላቦራቶሪ ያመጡና ናላውን መርምረው እውነቱን ይናገራሉ። የኛ ውሻ ግን አልተከተበም፤ አልታሰረም፤ ሬሳውም በወንዙ ሄዷል። ባለቤትም የለውም። ስለዚህ ልጅቱ ያበደ ውሻ እንደ ነከሳት ተቈጥሮ መርፌውን እንድትጀምር ሆነ። አንድ ሰው በደጁ ቆሞ «የኔ አይደለም» ያላት ቃል እንዲህ ያለ ዋጋ ነበራት።

ስለ በሽታው ጥቂት ልናገር። የሚመጣው ከጠሐይ ሙቀት ወይም ከመጋኛ አይደለም፤ በበሽተኛው እንስሳ ለሃጭ ውስጥ ካለ ቫይረስ ነው። ቫይረሱ በንክሻው ገብቶ ነርቭን ይዞ ቀስ እያለ ወደ አንጎል ይጓዛል። ጕዞው ብዙውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ወር ይፈጃል፤ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ ያነሰ ወይም የበዛ ይሆናል። ሰውን የሚያታልለውም ይኸው ነው፤ ቍስሉ ይድናል፤ ነገሩ ይረሳል። ሕመሙ ከታየ በኋላ ግን፣ በሽተኛው ውሃ ማየት ከፈራ በኋላ፣ ሐኪምም ጠበልም እንዶድም አይመልሰውም፤ ከሞት የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 59,000 የሚጠጉ ሰዎች በዚህ በሽታ እንደሚሞቱ ይገመታል፤ ከመቶ 40 ያህሉ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። ከመቶ እስከ 99 ለሚደርሱት መነሻው ውሻ ነው። ለከተማችንም እንግዳ አይደለም፤ አዲስ አበባ ከተቈረቈረች ገና 20 ዓመት ሳይሞላት፣ በ1895 ዓ.ም.፣ የውሻ እብደት በከተማዪቱ ተነሥቶ ሕዝቡን እንዳስጨነቀ ታሪክ ጸሐፊዎች መዝግበውታል። ቡናውም ቢሆን ምንም አልረዳ፤ ለተነከሰ ሰው ወዲያው ሊደረግለት የሚገባው ቍስሉን በወራጅ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል ማጠብ፣ ከዚያም ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው።

በዚያ ዘመን በአገራችን የሚሰጠው ክትባት ከበግ ናላ የሚዘጋጀው ነበር። ክንድ ላይ አንድ ሁለት ጊዜ ተወግተው የሚመለሱበት አይደለም፤ በየቀኑ፣ በሆድ ላይ፣ ለሁለት ሳምንት ያህል ነው። ልጅቱ በየማለዳው በዝናብ በጭቃው በእናቷ ጀርባ ታዝላ በበሬ ፊት ታልፋለች። እናቷ ጥጥ ፈታይ ናት፤ በሄደችበት ቀን አትፈትልም፤ ባሏም ድርና ማጉ ሲጐድልበት እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ይህን ሁሉ ከመስኮቴ ሆኜ እቈጥር ነበር። አራት ቀን ቈጠርሁ። በአምስተኛው ቀን ወጥቼ ልጅቱን ከእናቷ ጀርባ ተቀብዬ አዘልኋት። ስለዚህ ሥራዬ እንድመሰገን አይደለም የምጽፈው፤ በአምስተኛው ቀን የወጣሁት በመጀመሪያው ቀን መውጣት ስለ ፈራሁ ነውና። በመንገድም ላይ ልጅቱ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ፤ «ቡቺ የት ሄደ?» አለችኝ። ከነከሳት ውሻ ይልቅ ደብዛው የጠፋው ውሻ ነበር የሚያሳስባት።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። ውሻው የማን ነበር? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጕዳት ኀላፊ ነው ይላል፤ እንስሳው ሳያስበው ከእጁ ያመለጠ ቢሆን፣ ወይም ጕዳቱ ይደርሳል ተብሎ የማይገመት ቢሆን እንኳ። ከዚያም እጅግ ቀድሞ የሙሴ ሕግ፣ በሬው ተዋጊ መሆኑ ተነግሮት ሳለ ሳይጠብቀው ስለ ቀረ ሰው ከባድ ፍርድ አኑሯል። ሕግ ግን የሚደርሰው ባለቤቱ ከታወቀ ሰው ነው። እንደኔ ላለው፣ ጥቅሙን ሌሊት ወስዶ ዕዳውን ቀን ለሚክድ፣ ከኅሊናው በቀር ሌላ ከሳሽ አይገኝለትም። ብዙ ጊዜ አወጣሁ አወረድሁ፤ ያገኘሁት መልስም አጭር ነው። ማታ ሲጮኽልኝ እንቅልፍ የሚወስደኝ እኔ ከሆንሁ፣ ውሻው የኔ ነው። ወረቀትም፣ ስምም፣ ማሰሪያም አያስፈልገውም። እሱ ጠባቂዬ መሆኑን ከተቀበልሁ፣ የሱ ጠባቂ ከኔ ሌላ ማን ሊሆን ነው?

በዚህ ላይ የሚነሣ መቃወሚያ አለ፤ እኔም ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። «ሰው ሳይጠግብ፣ ሕፃን ሳይከተብ፣ ለውሻ ክትባት ማለት ቅንጦት ነው፤ ይህ የፈረንጅ ነገር ነው» ይላሉ። ቃሉ ለድኻ የተቈረቈረ ይመስላል። ነገር ግን የተነከሰችው የማን ልጅ ናት? አጥሩ ከፍ ያለ፣ ዘበኛ የቀጠረ ሰው ልጅ አይደለችም። በመንገድ የምትጫወት፣ በእግሯ የምትሄድ፣ የሸማኔ ልጅ ናት። የኔ ውሻ ሳይከተብ መቅረቱ ለኔ ቍጠባ ሆኖ ከታየኝ፣ ያን ቍጠባ የከፈለችው እሷ በሆዷ ነው።

ሌላው መቃወሚያ ደግሞ «አንድ የኔ ውሻ ቢከተብ ምን ይለውጣል? መንገዱ በውሻ ተሞልቷል» የሚለው ነው። በዚህ ነገር የሊቃውንቱ ሒሳብ የተለየ ነው፤ በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች ከመቶ 70 ያህሉ በየጊዜው ከተከተቡ በሽታው ከውሻ ወደ ውሻ የሚሄድበት መንገድ ይቈረጣል ይላሉ። ከአሥር ሰባት ማለት ነው። ችግሩ ሁላችንም ከቀሩት ከሦስቱ መሆን መውደዳችን ነው። በመርዝ መግደሉማ በከተማችን ተደጋግሞ ታይቷል። የሰፈር ውሾች በተመረዘ ሥጋ ይጠፋሉ፤ የተከተበውም ካልተከተበው ጋር አብሮ ይሞታል፤ ብዙም ሳይቈይ በባዶው ቦታ ከሌላ ሰፈር የመጡ፣ ማን እንደ ሆኑ የማይታወቁ ውሾች ይተካሉ። በሽታውም እንደ ነበረ ይኖራል።

ከዚያ ወዲህ ውሻ ያለ ስም አኑሬ አላውቅም። ሥራው ሲታይ ደግሞ እጅግ ቀላል ነው፤ በጣም ቀላል በመሆኑም ያሳፍራል። ቡችላው 3 ወር ሲሞላው ለእብደቱ በሽታ ይከተባል፤ ከዚያም በየዓመቱ። እኔ ቀኑን እንዳልረሳ ከመስቀል በዓል ጋር አያይዤዋለሁ፤ ደመራው ሲነሣ የውሻው ወረቀት ከሳጥን ይወጣል። ቡችሎችን የሚፈጀውን የተቅማጥ በሽታም የሚከላከል ክትባት አለ፤ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ይዞት በሦስት ቀን ውስጥ የሞተብኝን አንድ ቡችላ እስካሁን አልረሳሁትም። መዥገሩና ቍንጫው በጊዜው ይለቀማል፤ መድኃኒትም ይደረግለታል። ንጹሕ ውሃ በጣሳ። ይኸው ነው። ድመቷን በሚመለከት አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ ለአይጥ መርዝ የሚያስቀምጥ ሰው ድመቱ የተመረዘችውን አይጥ እንደምትበላ አይዘንጋ። ድመትም ታብዳለችና እሷም ትከተብ።

በበዓል ቀን የምናደርገው ነገር ግን ጠለቅ ብሎ ሊታሰብበት ይገባል፤ ክፋቱ በደግነት ተሸፍኗልና። በጉ ታርዶ ሆዱ ሲከፈት በጉበቱ ወይም በሳንባው ላይ ውሃ የቋጠረ ነጭ ከረጢት ይገኛል። ባለቤቱ «ይኼማ ለሰው አይሆንም» ይልና ለውሻው ይወረውርለታል። ውሻው ጅራቱን ይቈላል፤ ልጆችም ደስ ይላቸዋል፤ ሁሉም ምሕረት ያደረገ ይመስለዋል። ያ ከረጢት ግን የትል ፍሬ ነው። በውሻው አንጀት ውስጥ ትል ይሆናል፤ እንቍላሉም ከኵሱ ጋር በግቢው ይበተናል፤ ከሣሩ ጋር ወደ በግ፣ ከልጆቹም እጅ ወደ አፍ ይገባል። ከብዙ ዓመት በኋላ በሰው ጉበት ላይ ያው ከረጢት አድጎ ይገኛል፤ ሐኪሙም በቢላዋ ያወጣዋል። ለራሳችን የተጸየፍነውን ነገር ለሌላው ስንሰጥ ስጦታ መሆኑ የት ላይ ነው? መቅበር ወይም ማቃጠል አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ውሻውም ለአንጀቱ ትል በየጊዜው መድኃኒት ሊሰጠው ይገባል።

ስለ ሴቶቹ ቡችሎችም ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። በሰፈራችን ወንዱ ቡችላ ይፈለጋል፤ ሴቷ ግን «ትወልድብናለች» ተብላ በካርቶን ከመንገድ ዳር ትጣላለች። ከሞት የተረፈችው አድጋ በመንገድ ትወልዳለች፤ ልጆቿም ክትባት የሚባል ነገር ሳያዩ ያድጋሉ። ከዚያ በኋላ «የመንገድ ውሻ በዛ» እያልን የምናማርረው እኛው ነን። ሴቷን ውሻ እንዳትወልድ ማድረግ ለእንስሳት ሐኪም የተለመደ ሥራ ነው።

አበው ለጥንቃቄ «ሳይቃጠል በቅጠል» ብለዋል፤ ለዘገየም «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ብለዋል። ሁለተኛውን አባባል ስሰማ ሁልጊዜ ቅር ይለኛል። የኔ ውሻ ጅቡ ሳይሄድ ነበር የሚጮኸው። ጅቡ ከሄደ በኋላ የጮኽሁት እኔ ነኝ።

ልጅቱ ዳነች። ዛሬ ራሷ የልጆች እናት ናት፤ በዓመት በዓል ስትመጣ ከበሩ ውጭ ቆማ «ጋሼ፣ ውሻውን ያዙልኝ» ትላለች፤ እስክይዘውም ድረስ አትገባም። አሁን ያለው ውሻ የተከተበ መሆኑን ብነግራት፣ ወረቀቱንም ባሳያት፣ ራሷን ነቅንቃ እዚያው ትጠብቃለች። ባለፈው የትንሣኤ በዓል ቡና እየጠጣን ሳለ ክንዷ ላይ ያለውን ጠባሳ በጣቷ እየነካካች፣ «ጋሼ፣ ያ ቡቺ ግን እውነት አብዶ ነበር? ወይስ ጆሮውን አምሞት ነው?» አለችኝ።

ይህን ለማወቅ አንድ መንገድ ነበረ፤ እሱንም በዚያ ሐምሌ ወንዙ ወሰደው። ስኒውን አስቀምጬ «አላውቅም ልጄ» አልኋት።